የተውኩት ክኒን

አርብ፣ ጥቅምት 22
ወሎ ሰፈር ታክሲ የለም። ቆሜ ስጠብቅ ሆዴ ውስጥ ረገጠኝ! አምስት ወር ሞላው እኮ። ለባሌ ለኦላና ደውዬ ስነግረው፣ “ኳስ ተጫዋች ነው በይኛ!” ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ያ የቁርጥማቴ ክኒን... አራት ዓመት በየጠዋቱ። ሆርሞን ነው አሉ። ልጄም አብሮኝ እየዋጠ ይሆን? ዶክተር ማዕዛ “በራስሽ እንዳታቋርጪ” ብላኛለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳት።

እሑድ፣ ጥቅምት 24
ቤተ ክርስቲያን ተጸለየልኝ። እጄ ቀለለኝ፣ እውነቴን ነው። ማይኩን ይዤ፣ “ተፈውሻለሁ፣ ክኒኔን ጥያለሁ!” አልኩ። ጭብጨባው! ገና አልጣልኩም ነበር እኮ... ቤት ስገባ ሽንት ቤት ደፋሁት።
ከመዘምራኑ ሣራ፣ እሷም እርጉዝ ናት፣ እያለቀሰች አቀፈችኝ። “እኔም የአስሜን መድኃኒት ተውኩ በቃ!” ደስ አለኝ። ሰው ማበርታት ቀላል ነው እንዴ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3
ያስመልሰኛል። ደረጃ መውጣት አቃተኝ። ኦላና፣ “ክኒኑን መልሰሽ ብትጀምሪውስ?” ሲለኝ ጮህኩበት። ያ ሁሉ ሰው ሰምቶኝ? በምን ፊቴ?

ሰኞ፣ ኅዳር 9
ሆስፒታል ነኝ። አርብ ወደቅኩ። ልጄ የለም። ወንድ ነበር።
ዶክተር ማዕዛ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። “ሰውነትሽ ክኒኑን ለምዶ የራሱን ሆርሞን መሥራት ትቷል። በአንዴ ሲቀርበት የደም ግፊትሽ ወረደ፣ ለልጁም በቂ ደም አልደረሰውም።”
“ለእሱ ብዬ እኮ ነው...”
“ያንን ክኒን አብዛኛውን እንግዴ ልጁ ሰብሮ ያስቀረዋል። ወደ ልጁ የሚያልፈው ጥቂት ነው።”
ለካ ጠባቂ ነበረው። እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ ገባሁ?

አርብ፣ ኅዳር 20
ፓስተር ቃልአብ ሊጠይቁን መጡ። አብረውን አለቀሱ። መድኃኒት ጣይ ያለኝ ማንም የለም። ጭብጨባው ነው የጣፈጠኝ።
ሣራስ? ስልኬን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አፈርኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 29
ማይኩን ለምኜ ተቀበልኩ። “ያን ቀን ዋሽቻችኋለሁ። ክኒኑን የጣልኩት ከተናገርኩ በኋላ ነው። ልጄም ሞተ። እባካችሁ፣ ሐኪም ሳትጠይቁ መድኃኒት አትተዉ።” አሜን ያለ የለም። ሣራ ከመዘምራኑ መሃል ተነሥታ ወጣች። ተቀየመችኝ አልኩ።
ማምሻውን ደወለች። ትንፋሿ ሲር ሲር ይላል።
“ዲናዬ፣ መድኃኒቴን ጀመርኩ። ይኸው አሁን ረገጠኝ።”
“እሰይ” አልኳት። እጄ ሆዴ ላይ ነበር።