ሬሳ ሳያዩ ያለቀሱ

ሐሙስ
የጃርሶን ሰሌዳ በነጠላዬ ጠርጌ መጣሁ። ነጠላዬ ጠመኔ በጠመኔ ሆኗል፤ ይሁን። በቪዲዮ ቤቱ በር ላይ እንዲህ ብሎ ጽፎ ነበር፦ «ዛሬ በስምንት ሰዓት፣ ከመቃብር የተነሱት። አንዱ እዚሁ ነገሌ አለ።» በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩት ይህን ላነብ ነው?

አንዱ የተባለው ልጄ ታደሰ ነው። አምና ሻኪሶ የወርቅ ጉድጓድ ተደርምሶበት ሞተ ብለው መርዶ ነገሩኝ። እድሩ ድንኳን ተከለ፣ ፍትሐት ተደረገ፣ አገር አለቀሰ። ልጄ ግን ሌላ መንደር ታሞ ተኝቶ ኖሯል። ድኖ በእግሩ መጣ። ከዚያ ወዲህ ከእጁ ውሃ የሚቀበል የለም።

ዛሬ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ከተተ። «እማዬ፣ ሻኪሶ ልመለስ። እዚያ ማንም አላለቀሰልኝም» አለኝ።

አርብ
ጃርሶ ጋ ሄድኩ። «አካም እትዬ፣ ናጋ?» አለኝ። ምን ናጋ፣ ምን ሰላም አለ! «ፊልም እኮ ነው፣ ቀልድ ነው። ይግቡና ይዩት፣ ለእርስዎ በነጻ።»

ገባሁ። ቀለም የሌለው ፊልም ነው። አንድ ጌታ በጠንቋይ ከበሮ ሙታን ያስነሳል፤ ተነስተው ሸንኮራ ይፈጩለታል፤ ደመወዝ የለ፣ ቃል የለ። ይሄማ ምን ያስፈራል? ሻኪሶ በቁማቸው ያሉትም እንደዚያው ናቸው። ጃርሶ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ ይተረጉማል፤ እንግሊዝኛ እንደሆን እንደ እኔው ነው። ዓይኑ የፈጠጠው ረጅሙ ሬሳ ብቅ ሲል «ታዴ መጣላችሁ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ብድግ አልኩ። «የኔ ልጅ ከሞት አልተነሳም። ሬሳ ሳታዩ ቀበራችሁት እንጂ!» ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ
የእድሩን ዳኛ ደጃፉ ላይ ያዝኩት። «ድንኳኑን ደግማችሁ ትከሉ። ያለቀሰ ሁሉ ይምጣ፣ ልጄ ያስተናግድ፣ ከእጁ ይብሉ» አልኩ።
«ለዚህ ደንብ የለንም፣ እትዬ።»
«ሬሳ ለሌለው ለቅሶ ደንብ ነበራችሁ?»
ድንኳኑን ግን አልሰጠም። ይቅርበት! ሸራ ከጎረቤት ተዋስኩ።

እሑድ
ሸራውን ከታዴ ጋር ወጠርነው። ረፋዱን ሙሉ ዝር ያለ የለም። ወጡ ቀዘቀዘ፣ እኔ ነደድኩ። አንድ ጊዜ ሄጄ የዳኛውን በር በድንጋይ ልል ነበር።

በመጨረሻ ጎረቤቴ አዴ ዳሚ ወተት ይዛ መጣች። ለታዴ አቀበለችው፤ ጠጥቶ ሲመልስላት ከዚያው ዕቃ ጠጣች። አፏንም አልጠረገች። ቀጥሎ ጃርሶ የቪዲዮ ቤቱን አግዳሚ ወንበሮች በጋሪ ጭኖ ደረሰ። አላናገርኩትም። ታዴ አንዱን ወንበር በአንድ ጫፍ ያዘለት። የቀሩት በየአጥራቸው ሲያዩ ቆይተው አንድ በአንድ ገቡ። ዳኛው አልመጣም። ሚስቱ መጥታ ከልጄ እጅ በላች።

ሰው ሲበተን ታዴ ጠየቀኝ፦ «እማዬ፣ ያኔ ማን አብዝቶ አለቀሰልኝ?»
«ጃርሶ» አልኩት። «መሬት ላይ እየተንከባለለ።»
ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ስቆ አያውቅም።

ሻንጣው ግን አሁንም ከበሩ ጀርባ ነው።