ያላየሁት የወንድሜ ጎል

ስማ፣
የኳስ ማሳያ መተግበሪያውን የይለፍ ቃል ቀይሬዋለሁ፤ አትድከም።

ትናንት ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀይሮ ሊገባ ሲያሟሙቅ፣ ቴሌቪዥኑ «በሌላ ስልክ እየታየ ነው» ብሎ ጠፋብኝ። ሌላው ስልክ ያንተ ነው፤ ያውም ከመሥሪያ ቤት! አካውንቱ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚያሳይ ስንቴ ነገርኩህ? ስደውልልህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። አንጀቴን አሳረርከው።

እናቴ ጎሉን በሬዲዮ ሰምታ ደወለች። «ወንድምህን አየህልኝ?»
«አዎ እማዬ» አልኳት።

የቧንቧ ሠራተኛው ከሰዓት ይመጣል፣ ክፈትለት።
ኩባያህን የሰበርኩት እኔ ነኝ።

እናቴ ቅዳሜ እዚህ መጥታ «እንዴት አድርጎ አገባው?» ማለቷ አይቀርም። አንተ አይተኸዋል። ኳሷን በየትኛው እግሩ እንደመታት ከወረቀቱ ጀርባ ጻፍልኝ።
ይቅርታ ምናምን እንዳትጨምርበት።