ከነጥብ በኋላ ያሉት ዜሮዎች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ደብረ ብርሃን

አብሮኝ ጠቦት የሚመዝነው ጌታሁን ዛሬ ክብደት የምንመዘግብበት ሶፍትዌር ላይ ቁጥሩ ሁሉ ያለ ነጥብ እንዲታይ አድርጎታል። «ለዓይን ይቀላል ብዬ ነው» አለኝ። አልተዋጠልኝም። ምሳ ሲወጣ ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ እንዲያሳይ መለስኩት። እኔ ጣርማ በር የመዘንኳቸው 11.37፣ 9.82 እያሉ ወጡ። እሱ ከጎረቤላ መዝግቦ ያመጣው ግን ከላይ እስከ ታች .00 ነው። የእኛ ሚዛን እንዲህ ሁሉንም ሙሉ ቁጥር ሰጥቶ አያውቅም፤ በዓይኑ ገምቶ ነው የጻፈው።

ለአለቃችን ላሳይ ብዬ ሰንጠረዡን እስከ መጨረሻው ወረድኩ። ጉሙና ብርዱ አማርሮኝ ቶሎ የተመለስኩበት ቀን፣ የእኔም ስድስት ጠቦቶች .00 ናቸው። ረስቼው ነበር።

እንደነበረው ያለ ነጥብ አድርጌ ዘጋሁት። ጌታሁን ነጥቡን የደበቀው ለራሱ ነው ወይስ ለእኔ?