ሳምንት ሙሉ በእግር፣ ያውም ለእረፍት

ለኢንተላ ኮ ለልጄ ለለንሳ፣

ጉልበትሽን ያጸና፣ እግርሽን ከገደል የመለሰ ጌታ ስሙ ይባረክ። እኛ ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ አባትሽም ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይከራከራል።

«ሳምንት ሙሉ ያለ መሪ በሐይቅና በተራራ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ስልክ አይሠራም» ብለሽ ካለሽበት ከሰው አገር የላክሽውን መልእክት ለጸሎት ኅብረታችን አነበብኩላቸው። «ለእረፍት ነው» የሚለውን ግን እኔም አላመንኩትም። ከአምቦ እጃጂ መኪና አጥቶ በእግሩ የሄደ ሰው እንኳ አርፌ መጣሁ አይልም። ጎረቤታችን ባየሽ «ስደት ላይ ናት፤ እናቴ እንዳትጨነቅ ብላ ነው» ብላ የሦስት ቀን ጾም አወጀች። የኅብረታችን ሽማግሌ ኦቦ ገቢሳም ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ጋቢያቸውን ለብሰው መጡና «ድንበሩን ተሻገረች ወይ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የት አባቱ።

እሑድ ፎቶሽ ደረሰ። ሐይቅ ዳር ተቀምጠሽ ዳቦ እየገመጥሽ ትስቂያለሽ፤ ጉንጭሽም ሞልቷል። አልቅሼ ስጨርስ ለኅብረቱ አሳየሁ። ባየሽ ትክ ብላ አየችሽና «ስደተኛዋ ከእኛ ከጾመኞቹ ትሻላለች» አለች። ኦቦ ገቢሳ እንኳ ሳቁ። እኔም ቤቴ ገብቼ የሳምንቱን እንቅልፍ በአንድ ከሰዓት ተኛሁት።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። አምሮትሽ ሐይቅና ተራራ ከሆነ ወንጪ እዚሁ አጠገባችን ነው። ለገና ነይና አብረን እንሂድ፤ ቁልቁለቱን ከአንቺ ጋር በእግሬ እወርዳለሁ፣ ዳገቱን ግን በፈረስ ነው። እስከዚያው ጌታ ከፊትሽ ይቅደም፤ ከሄድሽበት ሁሉ እየሳቅሽ ይመልስሽ።

እናትሽ ሶረቲ