ስለ መግደላዊት ጸጉር ለፌስቲቫሉ ኃላፊ

ለክቡር ዶክተር ኤቫሪስቶ ሪንኮን
የቪላ ሶሌዳድ የኪነ ጥበብና የቅርስ ፌስቲቫል ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰው መንገዶቻችንን ለሚዘጉልን ወጣት ባልደረቦችዎ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። የፌስቲቫሉ ከበሮ እስከ መኝታዬ ስለሚደርስ በብርታት በሥራ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ስለ ደህንነታችሁ አልሰጋም።

እኔ ሊዮንሲዮ ታቢዮስ እባላለሁ። ከፖስታ ቤት በጡረታ የወጣሁ፣ ትምህርቴም ብዙ ያልሆነ ሰው ነኝ። የማርያም መግደላዊት የእንጨት ምስል ከባለቤቴ ከፕሪሚቲቫ ቅድመ አያቶች ጀምሮ በቤታችን ትኖራለች። እንደ ከተማችን ልማድ እኛ እናለብሳታለን፣ በስቅለት ምሽት በሠረገላ ሆና ከመስቀሉ ኋላ ትወጣለች፣ ከዚያም ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ባልደረቦችዎ «የቤቶቻችን ቅዱሳን» ለተባለው ዐውደ ርእይ ሊዋሷት ሲመጡ ደስ ብሎኝ ሰጠሁ። ለዑደቱ እንድትደርስ ሰሞኑን መልሳችሁልኛል። ለዚህ አመሰግናለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ምስጋናም ሁሉ በተሰጠበት መንፈስ ይነበብልኝ።

አንደኛ፦ አሮጌውን ጸጉሯን አንሥታችሁ ቀላ ያለ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ነፋስ የማያነቃንቀው አዲስ ሰው ሠራሽ ጸጉር ስላደረጋችሁላት አመሰግናለሁ። የጌታን እግር በጸጉሯ ያበሰች ሴት በዚህኛው ብትሞክረው ውኃው ይንሸራተት ይሆናል እንጂ የሚደርቅ አይመስለኝም፤ ለፎቶግራፍ ግን ማማሩን የማይመሰክር የለም። የባለቤቴ እኅት ፎርቱናታ ከደጃፉ እንዳየቻት «ውይ! ይቺ ሴት ንስሓዋን ትታ ተመለሰች እንዴ?» ብላ ጮኸች፤ ከዚያ ደንግጣ አማተበች። እኔም አማተብኩ።

ሁለተኛ፦ አሮጌው ጸጉር የተጣለ መስሎኝ ነበርና ስላልጣላችሁት አመሰግናለሁ። ልጠይቅ ብመጣ በአዳራሹ ውስጥ፣ በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ፣ መብራት በርቶለት አገኘሁት። ካርዱ «የሰው ጸጉር፤ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን፤ ሰጪዋ ያልታወቀች» ይላል። ምስሏ የዚያ ዘመን ስለሆነች ጸጉሩም የዚያው ዘመን መስሏችሁ ይሆናል።

ሰጪዋን አውቃታለሁ። የዛሬ አራት ዓመት ሐኪሞች መድኃኒቱ ጸጉሯን እንደሚያረግፈው ሲነግሯት፣ «መድኃኒት ከሚወስድብኝ እኔው ልስጠው፤ ለመግደላዊት ይሁን» ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ ቆረጥኩ፣ ፎርቱናታ ሰፋች። በዚያ ዓመት ስቅለት ፕሪሚቲቫ ሻሽ አስራ በመስኮት ተቀምጣ፣ የገዛ ጸጉሯ በሠረገላ ሲያልፍ አየች። «ሊዮን፣ ከኋላ ሲያዩኝ ለካ ቆንጆ ነኝ» አለችኝ። በሚቀጥለው ስቅለት መስኮቱ ላይ ማንም አልነበረም።

ካርዱ የሚለውን ለፎርቱናታ ስነግራት፣ «ዕድሜዋን እየቀነሰች የኖረችውን ሴትዮ መቶ ዓመት ይጨምሩባት? ብትሰማ ተነሥታ ትመጣላቸው ነበር!» አለች። ስቃ ስታበቃ ወደ ጓዳ ገባች፤ ቶሎም አልወጣችም።

ነገሩን በአዳራሹ ላለው ባልደረባዎ አስረዳሁ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር አቀረበልኝ። «አባባ፣ እርስዎ እንዳሉት ሊሆን ይችላል። ግን አንዴ በቅርስነት ተመዝግቧል፣ የወሰነውም ባለሙያ ነው። ደግሞ እዚህ ይሻለዋል፤ ቤት ቢሆን ብል ይጨርሰዋል» አለኝ። ስለ ብሉ ስለታሰበ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እስካሁን ያልበላው እኔ በየዐቢይ ጾሙ በኮኮናት ዘይት እያሸሁ ስለማበጥረው ነበር፤ ከዚህ ድካም አሳርፋችሁኛል። ዘንድሮ እጄ ሥራ ፈትቷል።

መውጫው ላይ ደግሞ አንዲት ወጣት «አባባ፣ ዐውደ ርእዩ ምን ስሜት ፈጠረብዎት? ደስታ፣ ኩራት፣ ወይስ መደነቅ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም፣ አልኳት። «ምንም የሚል የለም እኮ አባባ፤ ከሦስቱ አንዱን ይምረጡልኝ።» ከኋላዬ ሰልፍ ስለነበረ ኩራት አልኩ። ይህን መልስ እንድትሰርዙልኝ እጠይቃለሁ፤ በጾም ዋሽቻለሁ። በመስታወቱ ፊት ቆሜ ልጸልይ ሞክሬ ነበር። ቃላቱ መጡ፤ ሌላ የመጣ ነገር የለም።

ሦስተኛውን ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ስለ ከበሮው ነበር፤ ሳነበው ንዴት ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

በዚያ ፈንታ ራሴን ጠየቅኩ። የምቆረቆረው ለቅድስቲቱ ነው ወይስ ለሚስቴ? በስእለት የተሰጠ ነገር ወደ ሰጪው አይመለስም፤ ስለዚህ ጸጉሩ የእኔ አይደለም። ቄሱም ይህንኑ እንዳይሉኝ ፈርቼ አልጠየቅኋቸውም። ይሁን እንጂ፣ ክቡር ሆይ፣ የእርስዎም አይደለም። የተሰጠው ለመግደላዊት ነው። ስቅለት ደግሞ የፊታችን ዓርብ ነው፤ ፎርቱናታም መርፌና ክሯን አዘጋጅታ ትጠብቃለች።

ስለዚህ ጸጉሩ ወደ ባለቤቲቱ ራስ እንዲመለስ በትሕትና እለምናለሁ። ባለሙያው ማስረጃ ካሻው፣ በፕሪሚቲቫ ማበጠሪያ ላይ የቀረ ጸጉር አለ። ቤቴ መጥቶ ሊያየው ይችላል፤ ማዋስ ግን ትቻለሁ።

ለከተማችን ቅርስ በምታደርጉት ያላሰለሰ ጥበቃ ሌላ የሚጠበቅ ነገር በቤቴ ያልቀረኝ፣ አክብሮቴን ከወንበሬ ተነሥቼ የማቀርብ፣

ያልታወቀችው ሰጪ ባል
ሊዮንሲዮ ታቢዮስ

ማሳሰቢያ፦ ቀዩን ጸጉር በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። እስከ ዓርብ መልስ ካልመጣ መግደላዊት የፕሪሚቲቫን ሻሽ አስራ ትወጣለች። እንግዶችዎ ጸጉሯ የት ሄደ ብለው ቢጠይቁ፣ ሰጪዋ ባትታወቅም ወሳጁ እንደሚታወቅ ሠረገላውን የሚገፉት ሁሉ ይነግሯቸዋል።