«የማይነጣጠሉት»

«ዞር በሉ!» ብዬ ፎቶ ያነሳኋችሁ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ነበር፤ አንተና መክብብ እንደ ሁልጊዜው እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ።

ወንድሜ አልአዛር፣ ናይሮቢ ተስማማችህ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ የእማዬም ጉልበት ተሽሎታል። ፌስቡክህን ስለዘጋህ በወረቀት ጻፍኩልህ።

ያንን ፎቶ የለጠፍኩት ናፍቀኸኝ ነው። «የማይነጣጠሉት» ብዬ ጻፍኩበት። የማላውቃቸው ሰዎች ተቀባበሉት፤ «ሰዶማውያን ከሀዋሳ ይውጡ!» አሉ። እኔ ወዲያው አጠፋሁት፤ እነሱ ግን አስቀርተውታል።

ትናንት ወደ መክብብ ልብስ ስፌት ቤት ሄድኩ። አንድም ደንበኛ አልነበረውም። በደጅ የሚያልፍ አንዱ «ሚስትህ ናይሮቢ ገባች?» ብሎ ሳቀ።

«ሩሀሚ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አለኝ መክብብ፣ ዓይኑን ከስፌት መኪናው ሳያነሳ።

እማዬ ትስምሃለች፤ ድምፅህን ብቻ አሰማን ትላለች። ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ። የመክብብንም ሰላምታ ልልክልህ ፈልጌ «ለአልአዛር ምን ልበልልህ?» አልኩት።

ተነሳና በሩን ከውስጥ ዘጋው።

እህትህ ሩሀማ