አቶ ጊዲዮን ፈረደ፦ ከምጽዋ ወደብ እስከ አሌክሳንድሪያ የቤት ዕቃ ሱቅ

አቶ ጊዲዮን ፈረደ በ1936 ዓ.ም. በጎንደር አቅራቢያ በሚገኝ የቤተ እስራኤል መንደር፣ በብረት ሥራ ይተዳደሩ ከነበሩት አባታቸው ከአቶ ፈረደ ያየህና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታደለች አድማሱ ተወለዱ። በጎንደር ከተማ ከተማሩ በኋላ በ1954 ዓ.ም. ባሕር ኃይል ገቡ። ምጽዋ ላይ በመርከብ ሞተር ጥገና ሠልጥነው አሥራ ሦስት ዓመት አገለገሉ።

በ1958 ዓ.ም. የአምስት ቀን ፈቃድ አግኝተው ቤተሰባቸውን ሊጠይቁ ሄዱ። በመንደሩ ሥርዓት፣ ከሌላ ሕዝብ ጋር ኖሮ የተመለሰ ሰው ወንዝ ወርዶ መታጠብና ፀሐይ እስክትጠልቅ ከደጅ መቆየት ነበረበት። ይህንኑ እንዲነግራቸው ታናሽ ወንድማቸው አክሊል ተላከ። አቶ ጊዲዮን የባሕር ኃይሉን ነጭ ልብስ እንደ ለበሱ፣ “ባሕር ላይ የሚኖር ሰው ከዚህ በላይ ምን ይታጠብ?” ብለው ሣቁ። አክሊል አልሣቀም። “ወንድም ጋሼ፣ አባባ ቆመው እየጠበቁህ ነው” አላቸው። እሳቸው ግን ተቆጥተው ከዚያው ወደ ጎንደር ተመለሱ። አባታቸው ሳይታረቁ ከሁለት ዓመት በኋላ ዐረፉ።

አቶ ጊዲዮን በሱዳን በኩል ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1981 ዋሽንግተን አካባቢ ደረሱ። እናታቸውና ወንድማቸው ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ እስራኤል ሄዱ። አቶ ጊዲዮን እ.ኤ.አ. በ1985 ከወይዘሮ የወይንሐረግ ልሳነወርቅ ጋር ተጋብተው ኑሯቸውን ሲልቨር ስፕሪንግ አደረጉ፤ ሐሴትንና ብሩህንም ወለዱ።

እ.ኤ.አ. በ1989 እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ከባለቤታቸው ጋር የቤት ዕቃ ሱቅ ከፈቱ። የደንበኛውን በርና ደረጃ ራሳቸው ሄደው ሳይለኩ ሶፋ አይሸጡም ነበር። ለሚከራከራቸው ሁሉ፣ “እርስዎ ይገባሉ፤ ሶፋው አይገባም” ይሉ ነበር። ሱቁ ቅዳሜ ዝግ ስለነበር ጎረቤት ነጋዴዎች፣ “ጋሽ ጊዲዮን፣ ገበያው ሲመጣ እርስዎ ይጠፋሉ” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ወንድማቸውን እስራኤል ሄደው ለማየት በየዓመቱ ያቅዱ ነበር። ጉዞው አንድ ጊዜ ከሜሞሪያል ዴይ የበዓል ቅናሽ ሽያጭ በኋላ ይባላል፣ ሌላ ጊዜ ከሌበር ዴይ ቅናሽ በኋላ። እናታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 እዚያው ሲያርፉም አልሄዱም። ቤተሰቡ የሱቁን ምክንያት ሳይጠይቅ ተቀበለ። ሱቁ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ። ያኔም አልሄዱም። “አክሊልን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?” ማለታቸውን የሰሙት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው።

ባለፈው መስከረም የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። “ለአክሊል እንዳትነግሪው። ሲሻለኝ እኔው እሄዳለሁ” አሉ። ባለቤታቸው ቃላቸውን ጠበቁ። አቶ አክሊል ለሰንበት ሰላምታ በደወሉ ቁጥር “ደኅና ናቸው” እያሉ መለሱ፤ እውነቱን የተናገሩት በመጨረሻው ሳምንት ነው። አቶ ጊዲዮን ሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2025 ዐረፉ። አቶ አክሊል የደረሱት ማክሰኞ ጧት ነበር።

አቶ ጊዲዮን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። አቶ አክሊል ዛሬ በመካከላችን ናቸው፤ ጸሎቱንም የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ለስድስት ወር “ደኅና ናቸው” በማለታቸው ወይዘሮ የወይንሐረግ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቋቸዋል።

የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ የአቶ ጊዲዮንን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል።